ሻጭ ብቻውን ገበያ አያቆምም
(ስለ «ኤልመር ጋንትሪ» ፊልም)

ገበያ የወጣ ሰው እህል ሲሸምት ዘግኖ ያያል፤ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይቈጥራል፤ ጨርቅ ሲመርጥ ወደ ብርሃን አውጥቶ ይመለከታል። ዋጋውንም የሚከፍለው ዕቃውን አገላብጦ ካየና ከተከራከረ በኋላ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን፥ አንድ አንደበተ ርቱዕ በፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ሲያስለቅሰው፥ ስለ ነፍሱ በሚደረገው ንግድ ሚዛኑንም መስፈሪያውንም ጥሎ ኪሱን ይፈታል። «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ በሌላው ሲተርት የኖረው ሰው፥ የሰማዩን ላም ለመግዛት ከሰልፉ መካከል ቆሞ ይገኛል። ይህ እንግዳ ጠባይ በአንድ ሀገር ወይም በአንድ ዘመን ብቻ የታየ አይደለም፤ ነገር ግን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እንደ ታየው ያህል ድንኳን ተተክሎለት፥ መዘምራን ተሰልፈውለት፥ ሒሳብ ተይዞለት የተደራጀበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ይህንኑ ነገር ለዓለም ካሳዩት ሥራዎች አንዱ «ኤልመር ጋንትሪ» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ በሪቻርድ ብሩክስ አዘጋጅነት የወጣው በ1960 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የታሪኩ ምንጭ ሲንክሌር ሉዊስ በ1927 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሉዊስ ከአሜሪካውያን ደራስያን በ1930 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለመቀበል የመጀመሪያው ሆነ። ፊልሙም በበኩሉ ሦስት የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ይኸውም በርት ላንካስተር በዋና ተዋናይነት፥ ሸርሊ ጆንስ በረዳት ተዋናይነት፥ ብሩክስ ደግሞ ልብ ወለዱን ወደ ፊልም ጽሑፍ በመለወጥ የተቀበሉት ነው።

ስለዚህ ፊልም ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፥ «ይህ የሃይማኖት ስድብ ነው፤ በአንድ አጭበርባሪ ምክንያት የወንጌልን ሰባኪ ሁሉ ማዋረድ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «እነሆ፥ ሃይማኖት የተባለው ሁሉ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሁሉም ንግድ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ሐሰተኛ ብር የሚያትም ሰው የሚኖረው እውነተኛ ብር ስላለ ነው፤ ማንም የሌለ ገንዘብ አስመስሎ አይሠራም። ስለዚህ ሐሰተኛው መያዙ እውነተኛውን አያረክሰውም፤ እውነተኛ አለመኖሩንም አያስረዳም። የሁለቱም ወገኖች ክርክር አንድ ጉድለት አለበት፤ ዓይናቸውን በሻጩ ላይ ብቻ ተክለው ገዢውን ከነጭራሹ ረስተውታል። የዚህ ጽሑፍ ክስ በዚያ በተረሳው ላይ ነው።

ፊልሙን ያላዩ አንባብያን ይረዱን ዘንድ ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ኤልመር ጋንትሪ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወር ሻጭ ነው፤ ሳቁ የሚጋባ፥ ድምፁ የሚያስገመግም፥ ኪሱ ግን ባዶ የሆነ ሰው። በመጀመሪያው ትርኢት በመጠጥ ቤት ውስጥ ነውረኛ ቀልድ ሲያወራ እናየዋለን፤ በዚያው አፍታ፥ ለድኆች ምጽዋት የሚለምኑ ሴቶች ሲገቡ ያው ምላስ ስለ ፍቅርና ስለ ክርስቶስ ተናግሮ የጠጪዎቹን ኪስ ያስፈታል። ታሪኩ ሁሉ በዚህ አንድ ትርኢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ጋንትሪ ሻረን ፋልኮነር የተባለችውን ሰባኪት አይቶ ጓዟን ይቀላቀላል፤ እርሷ ስለ ምሕረት፥ እርሱ ስለ ገሃነም እሳት እየሰበኩ ድንኳኑን ይሞላሉ። ወደ ዜኒት ከተማ ሲመጡ ደግሞ የከተማው ነጋዴዎችና አብያተ ክርስቲያናት ስለ ገቢው ይስማማሉ። ጂም ሌፈርትስ የተባለው ጋዜጠኛ እየተከተለ ይጽፍባቸዋል። በወጣትነቱ ጋንትሪ አባልጎ የጣላት፥ በኋላም በሴተኛ አዳሪነት የምትኖረው ሉሉ ቤይንስ ደግሞ ልትበቀለው ትነሣለች።

አሁን አንባቢው ልብ ብሎ እንዲመለከትልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ሌፈርትስ በጋዜጣው የጻፈው ከባድ ክስ ነበር፤ የሰባክያኑን ብቃት ጠየቀ፥ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልተቈጣም። እንዲያውም ጋንትሪ ክሱን ለስብከቱ ማድመቂያ አደረገው፤ ድንኳኑም መሙላቱን ቀጠለ። ቈይቶ ግን የጋንትሪና የሉሉ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ። ሌፈርትስ ራሱ ፎቶግራፉን አላትምም ብሎ ነበርና ያወጣው ሌላ ጋዜጣ ነው። ያን ጊዜ ያው ሕዝብ እንቍላልና የበሰበሰ አትክልት ይዞ መጥቶ ድንኳኑን አፈረሰ። ሉሉ ውሸት መሆኑን ስትናገር ደግሞ ያው ሕዝብ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ።

እንግዴህ እንጠይቅ። ሰዎቹ ገንዘባቸው መበላቱን ሲሰሙ ዝም ያሉ፥ ሰባኪው ከሴት ጋር መታየቱን ሲሰሙ ግን ድንጋይ ያነሡ ስለ ምን ነው? መልሱ መራራ ቢሆንም ግልጽ ነው። በገንዘቡ ጉዳይ ቢቈጡ ኖሮ ራሳቸውን መውቀስ ግድ ይሆንባቸው ነበር፤ «ማን ስጥ አለህ? ለምን አልመረመርህም?» የሚለው ጥያቄ ወደ ራሳቸው ይመለስ ነበር። በዝሙቱ ቢቈጡ ግን ጥፋቱ የርሱ ብቻ ይሆናል፤ እነርሱ ጻድቃን ሆነው ወደየቤታቸው ይገባሉ። የሌላውን ሰው አልጋ መመርመር የራስን ኪስ ከመመርመር ይልቅ የቀለለ ነው።

ይህ የልብ ወለድ ነገር ብቻ ነው የሚለን ቢኖር እውነተኛ ታሪክ እናምጣለት። በ1980ዎቹ ዓመቶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታወቀው ሰባኪ ጂም ቤከር በ1987 ከሥልጣኑ የወረደው የዝሙት ወሬው በተሰማ ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውም ይህን ነው። ፍርድ ቤት በ1989 የፈረደበት ግን በሌላ ነገር ነው። በካሮላይና ባቋቋመው «ሄሪቴጅ ዩ.ኤስ.ኤ.» በተባለው የመዝናኛ ስፍራ 1,000 ዶላር የከፈለ ሁሉ በየዓመቱ ሦስት ሌሊት በነፃ ያድራል እየተባለ፥ ሊያስተናግደው ከሚችለው ክፍል እጅግ የበዛ የአባልነት መብት ለሕዝብ ተሸጠ። ቤከር በ24 ክስ ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በኋላ ተቀንሶለት በ1994 ተፈታ። ብዙ ሺህ ሰው መኝታ ሳይኖረው ለመኝታ የከፈለው ገንዘብ የኋላ ነገር ሆኖ፥ የአንድ ሰው የሥጋ ድካም የፊተኛ ነገር ሆነ። ዜኒት የተባለችው ከተማ በካርታ ላይ ባትገኝም ሕዝቧ ግን አለ ማለታችን ስለዚህ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ፊልሙን ራሱን ደግሞ መውቀስ ይገባናል፤ ወዳጅነት ሐቅን አያስቀርምና። ብሩክስ ፊልሙን ሲጀምር የማምለክ ነፃነት የሰውን እምነት ለማጐሳቈል ፈቃድ እንዳልሆነ የሚያሳስብና ሕፃናት እንዳያዩት የሚመክር ማስታወቂያ አስቀድሞ አወጣ። ማስታወቂያው ደፋር ነው፤ መጨረሻው ግን ፈሪ ነው። በፊልሙ ፍጻሜ ሻረን በባሕር ዳር ያሠራችው አዲሱ የጸሎት አዳራሽ በተጣለ ሲጋራ ምክንያት በእሳት ይጋያል፤ እርሷም ከእሳቱ አትወጣም። ጋንትሪ በሐዘን ተሰብሮ፥ የሻረን ሥራ አስኪያጅ ሥራውን እንዲቀጥል ሲለምነው እንቢ ብሎ ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት የሚወጣው፥ «ጥፋቱ ተቀጣ፤ ጥፋተኛውም ተለወጠ» ብሎ ልቡ አርፎ ነው። በርት ላንካስተርም፥ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት የሰርከስ አክሮባት የነበረው ሰው፥ ጋንትሪን እንዲህ ባለ ጕልበትና ፈገግታ ስለ ተጫወተው አጭበርባሪውን እንድንወደው አስገድዶናል።

ሲንክሌር ሉዊስ በመጽሐፉ እንዲህ አላደረገም። በመጽሐፉ እሳቱ የሚነሣው በታሪኩ መካከል ነው። ጋንትሪ ከእሳቱ አምልጦ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ይሾማል፥ ይሸለማል፥ በኒው ዮርክ ታላቅ መንበር ያገኛል፤ ነውሩ ሊገለጥ ሲል ይድናል፤ ምእመናኑም እንደ ገና ያምኑታል። ከዚህ ፍጻሜ ማንም ልቡ አርፎ አይነሣም። እኛ እንደምናምነው እውነተኛው የመጽሐፉ ፍጻሜ ነው፤ ምክንያቱም በዓለማችን ለአጭበርባሪ ሁሉ እሳት አይወርድለትም።

ለዚህም ምስክር አናጣም። በ1986 ጀምስ ራንዲ የተባለው ምትሐተኛና መርማሪ፥ ፒተር ፖፖፍ የተባለውን የፈውስ ሰባኪ አጋለጠ። ፖፖፍ የማያውቃቸውን ሰዎች ስምና ደዌ ከሰማይ እንደ ተነገረው አድርጎ ሲጠራ፥ በጆሮው ውስጥ ትንሽ የሬድዮ መቀበያ ነበረው፤ የምታነብለት ሚስቱ ነበረች፤ የምታነበውም ሕዝቡ ራሱ አስቀድሞ ጽፎ የሰጠውን የጸሎት ካርድ ነው። ይህ ሁሉ ድምፁ ተቀድቶ በቴሌቪዥን ተሰማ። ሰውዬው በሚቀጥለው ዓመት መክሠሩን አሳወቀ። ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ሰው በቴሌቪዥን ተመልሶ መጣ፤ ገዢም አላጣም። ቤከርም ቢሆን ከእስር ከወጣ በኋላ በ2003 ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። በ2020 ወረርሽኝ በዓለም በገባ ጊዜ ደግሞ የብር ብናኝ ያለበት ፈሳሽ በዝግጅቱ ይሸጥ ስለ ነበር የሚዙሪ ክፍለ ሀገር መንግሥት ከሰሰው፤ በ2021ም ጥፋተኝነቱን ሳያምን ለገዢዎች ገንዘብ እንዲመለስ ተስማማ።

ስለዚህ «ይጋለጡ እንጂ ሕዝቡ ይተዋቸዋል» የሚሉት ቅን ሰዎች ተሳስተዋል እንላለን። ማጋለጥ መልካም ሥራ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የተጋለጠው ሻጭ ቢሄድ እንኳ ሰውን ወደ ድንኳኑ የጐተተው ችግር በስፍራው ይቈያል። ያ ችግር ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ሐኪም ተስፋ የቈረጠበት በሽተኛ አለ፤ ልጁን የቀበረ አባት አለ፤ በትልቅ ከተማ ስሙን የሚጠራው ሰው የሌለ ብቸኛ አለ። ለነዚህ ሰዎች ስማቸውን ጠርቶ «አውቅሃለሁ» የሚል ድምፅ ከገንዘብ ይበልጣል። ፖፖፍ የሸጠው ፈውስን ብቻ አልነበረም፤ መታወቅን ነበር የሸጠው። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ስፍራ አጭበርባሪው ብቻውን ይናገራል። የታመመውን የማይጠይቅ ጎረቤት፥ ያዘነውን የማያጽናና ዘመድ፥ ለድሃው በሩን የማይከፍት የጤና ድርጅት ሁሉ ለጋንትሪ ገበያ ያቆሙለታል።

«ሻረንስ? እርሷ ከልቧ ታምን አልነበረምን?» የሚለን ይኖራል። በእርግጥ ታምን ነበር። በመጨረሻው ሌሊት ደንቆሮ ሲሰማ ባየች ጊዜ የማታውቀው ኃይል በእጇ እንደ ሠራ ተቀብላዋለች። ይሁንና አዳራሹ ሲጋይ ሕዝቡ ሳይሸሽ በእምነት እንዲጸና የለመነችው በዚያው እምነቷ ነው። ቅንነት ለሰባኪ ታላቅ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ቅንነት በር አይሆንም፥ እሳትም አያጠፋም። ብዙ ሕዝብ የሚሰበስብ ሰው፥ ቅን ይሁን ወይም ዐመፀኛ፥ የአዳራሹ መውጫ የት እንዳለና የሣጥኑ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ሊጠየቅ ይገባዋል። ልቡን እግዚአብሔር ይመርምረው፤ ሒሳቡን ግን ሰው መመርመር ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልናል። የመጀመሪያው፥ «ሰው በገዛ ፈቃዱ የሰጠውን ገንዘብ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው። ፈቃድ የሚባለው እውነቱን ካወቁ በኋላ የሚሰጥ እንደ ሆነ ነው። በጆሮው ራዲዮ እንዳለ ያላወቀች ባልቴት የሰጠችው ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ በመዝሙር የታጀበ ስርቆት ነው። ሁለተኛው፥ «የቤተ እምነትን ሒሳብ መጠየቅ የሃይማኖትን ነፃነት መንካት ነው» የሚል ነው። በአሜሪካ ይህ ተቃውሞ ሕግ ሆኖ ይሠራል። ሌሎች የበጎ አድራጎት ማኅበሮች በየዓመቱ የገቢና የወጪ ዝርዝር ለመንግሥት ሲያቀርቡ፥ አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። በ2007 ቻርልስ ግራስሊ የተባሉት ሴናተር ስድስት የቴሌቪዥን ስብከት ድርጅቶችን ስለ ገንዘባቸው በጽሑፍ ጠየቁ፤ በሙሉ የመለሱላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ምርመራውም በ2011 ያለ አንዳች ቅጣት ተዘጋ። እኛ የምንለው መንግሥት ጸሎትን ይቈጣጠር አይደለም፤ ይህ ከአጭበርባሪው የከፋ አጭበርባሪ ያመጣብናልና። የምንለው፥ ሰጪው ራሱ ይጠይቅ ነው። ጥያቄ እምነትን አይገድልም። እምነትን የሚገድለው ኋላ፥ ነገሩ ሁሉ ውሸት ሆኖ ሲገኝ የሚመጣው ድንጋጤ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳል። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ወደ ሐዋርያት በመጣ ጊዜ ገንዘቡ አብሮት እንዲጠፋ ተነገረው። በዚያ ታሪክ ገዢ ነበረ፤ ሻጭ ግን ጠፋ፤ ስለዚህ ንግዱ አልተደረገም። በዘመናችን ያለው ልዩነት የሲሞን ወገን መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ጴጥሮስን መስሎ ቆሞ ዋጋ የሚጠራ መገኘቱ ነው።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ነገር ነው ብሎ የሚጽናና አንባቢ ካለ፥ መጽናናቱ ረጅም ዕድሜ እንደሌለው እንነግረዋለን። ድንኳኑ ዛሬ ሸራና ምሰሶ አይሻም፤ በሳተላይትና በእጅ ስልክ በኩል እየተተከለ፥ በአዲስ አበባ ያለውን ቤትም፥ በዋሽንግተንና በቤሩት በሰው ቤት ሠርታ የምታድረውን እኅታችንንም እኩል ይጠራል። ስብከቱ በአማርኛ ስለ ሆነ የተለየ አይሆንም። «ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው ነው» እንዲሉ አበው፥ ለጥቅም የተቃኘ አንደበት በየትኛውም ቋንቋ ቢናገር ዜማው አንድ ነው። የሚታወቅበትም ምልክት ሩቅ አይደለም። እውነተኛ መምህር ተማሪው አንድ ቀን ያለ እርሱ እንዲቆም ይደክማል፤ ነጋዴው ግን ደንበኛው ነገም እንዲመለስ ይደክማል። እውነተኛው በሽተኛውን ወደ ሐኪም ሲልክ አያፍርም፤ ነጋዴው ሐኪሙን ተፎካካሪ አድርጎ ያየዋል። እውነተኛው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ነጋዴው ሲጠየቅ ይረግማል።

እንግዴህ «ኤልመር ጋንትሪ»ን የሚያይ ሰው ሁሉ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለ ሰባኪው ብቻ እየተወያየ እንዳይወጣ እንመክራለን። በድንኳኑ ውስጥ በእንጨት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ይመልከት፤ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ይመልከት፤ እንቍላል ሲወረውሩ ደግሞ ይመልከት። ከዚያም ሰው ወደዚያ ድንኳን እንዳይሄድ የሚያደርግ ምን ሥራ በእጁ እንዳለ ራሱን ይጠይቅ። የታመመውን ሄዶ ያየ፥ ያዘነውን ያጽናና፥ ከመስጠቱ በፊት «ይህ ገንዘብ ለምን ይውላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፥ አንድም ቃል ሳይሰብክ የጋንትሪን ገበያ ፈትቶታል።